ኮርንኛን በአንድ ተረት መጀመር፦ «ጆዋን ቺ አን ሆርዝ» እንደ ቃላት ማስተማሪያ ሲመዘን

እዚህ የምንመዝነው አንድ ላይ የሚሠሩ ሦስት ነገሮችን ነው። የመጀመሪያው «ጆዋን ቺ አን ሆርዝ» ማለትም «የአውራ በጉ ቤት ጆዋን» የተባለው የኮርንዋል ተረት ነው። ሁለተኛው አካደሚ ከርነወክ የተባለው የቋንቋው አካዳሚ በኢንተርኔት በነፃ ያስቀመጠው የእንግሊዝኛና የኮርንኛ መዝገበ ቃላት ነው። ሦስተኛው የቃላት ካርድ ነው፤ ከወረቀት የተቆረጠም ሆነ እንደ አንኪ ያለ የስልክ ፕሮግራም ለውጥ የለውም። ፍርዳችን ይህ ነው፦ ኮርንኛን ለሚጀምር ሰው ለቃላት ጥናት ከዚህ ተረት የተሻለ አጭር ንባብ አናውቅም። በ1707 በታተመበት አጻጻፍ የያዘው ጀማሪ ግን ገና በመጀመሪያው ገጽ ተስፋ ይቆርጣል። ቃላቱን ከሐረጋቸው ነጥሎ የሚሸመድድም ቢሆን አብዛኛውን ጥቅም ያጣል።

ቋንቋውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንበል። ኮርንኛ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ በኮርንዋል የሚነገር የኬልት ቋንቋ ሲሆን የቅርብ ዘመዶቹ ብሬቶንኛና ዌልስኛ ናቸው። በ18ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ገደማ ከዕለት ኑሮ እየጠፋ ሄደ። ሄንሪ ጄነር በ1904 ባወጣው የመማሪያ መጽሐፍ መነቃቃት ጀመረ፤ በ2002 ደግሞ የብሪታኒያ መንግሥት በአውሮፓ የአነስተኛ ቋንቋዎች ቻርተር መሠረት እውቅና ሰጠው። ከጥንቱ ኮርንኛ የተረፈው ጽሑፍ አብዛኛው በግጥም የተደረሰ መንፈሳዊ ድራማ ነው። ይህ ተረት በዝርው የተጻፈ፣ የገበሬና የነጋዴ ንግግር የሞላበት በመሆኑ ከመካከላቸው ለብቻው ይቆማል። የኒውሊኑ ኒኮላስ ቦሶን እንደጻፈው ይታመናል፤ ያሳተመው ደግሞ የዌልሱ ሊቅ ኤድዋርድ ሉይድ ነው፣ በ1707።

ታሪኩን አስቀድሞ ማወቅ አይጎዳም፤ እንዲያውም በአማርኛ አንብቦ መጀመርን እንመክራለን። በሴንት ሌቫን ደብር የሚኖር ጆዋን የተባለ ሰው ሥራ ሲጠፋ ሚስቱን ተሰናብቶ ወደ ምሥራቅ ይሄድና በዓመት ሦስት ፓውንድ ለአንድ ገበሬ ይቀጠራል። ዓመቱ ሲሞላ ጌታው ደመወዙን ያሳየውና «ይህን ብትመልስልኝ አንድ የጥበብ ነጥብ አስተምርሃለሁ» ይለዋል። ጆዋን ይስማማል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመትም እንዲሁ ይሆናል። ምክሮቹ ሦስት ናቸው፤ አሮጌውን መንገድ ለአዲሱ ብለህ አትተው፤ ሽማግሌ ወጣት ሴት ባገባበት ቤት አትደር፤ አንድ ጊዜ ከመምታትህ በፊት ሁለት ጊዜ ተመታ። በመጨረሻም ጌታው ኬክ ሰጥቶ ይሸኘዋል። ከዚያ በኋላ በመንገድና በማደሪያ ቤት፣ እንዲሁም በገዛ ደጁ፣ እያንዳንዱ ምክር ሕይወት ሲያድን እናያለን።

ለቃላት ጥናት ይህን ያህል የሚመቸው አሠራሩ ነው። የደመወዙ ንግግር ሦስት ጊዜ ይመላለሳል። «ህዌል» (ሥራ)፣ «ጎበር» (ደመወዝ)፣ «ብሊዘን» (ዓመት)፣ «ሜስተር» (ጌታ)፣ «ስኪያንስ» (ጥበብ) የተባሉትን ቃላት ተማሪው ሳይፈልጋቸው ደጋግሞ ያገኛቸዋል። «ሜዝ» (አለ) ደግሞ በየንግግሩ አለች፤ ከሁለት አንቀጽ በኋላ መዝገበ ቃላት መክፈት አያስፈልጋትም። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው፤ ጽሑፉም በትንንሽ ክፍሎች የተከፋፈለ በመሆኑ የዛሬውን ድርሻ የት ላይ እንደምታቆሙ ትቸገራላችሁ ብለን አንሰጋም።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ብቻውን አንድ ሙሉ ትምህርት ይወጣዋል። «ኤን ቴርመን ኤዝ ፓሲየዝ ዜራ ትሪጋዝ ኤን ሴንት ሌቫን ዴን ሃ ቤነን ኤን ቴላር ክሬየዝ ቼይ ኣ ሆር» ይላል፤ ባለፈ ዘመን በሴንት ሌቫን፣ የአውራ በግ ቤት በተባለ ስፍራ፣ አንድ ሰውና አንዲት ሴት ይኖሩ ነበር ማለት ነው። «ፓሲየዝ» (ያለፈ)፣ «ትሪጋዝ» (የኖረ)፣ «ክሬየዝ» (የተጠራ) ሦስቱም አንድ ዓይነት ማለቂያ አላቸው። የዛሬው አጻጻፍ ይህን ማለቂያ «-ይስ» ብሎ ይጽፈዋል። ይህችን አንዲት ማለቂያ የያዘ ሰው በሁለተኛው ምክር ውስጥ «ያገባ»ን፣ በሦስተኛው ውስጥ «የተመታ»ን ያለ አስተማሪ ይለያል። ከመማሪያ መጻሕፍት ሰንጠረዥ ይልቅ እዚህ ቶሎ ልብ ውስጥ ይገባል፤ እያንዳንዱን ቅርጽ የታሪኩ ጉዳይ ይዞታልና።

ስለ ፊደል አንድ ማሳሰቢያ አለን። የኮርንኛ ቃላትን እዚህ በግዕዝ ፊደል የጻፍነው ለንባብ ብቻ ነው። ምላስ በጥርስ መካከል ወጥታ የምትሰጣቸው ሁለት ድምፆች በአማርኛ ስለሌሉ ለስላሳውን በ«ዝ»፣ ጠንካራውን በ«ስ» ተክተናል። በካርዳችሁ ላይ ግን ኮርንኛውን በላቲን ፊደሉ ጻፉ። አለዚያ በ«ኮስ» (አሮጌ) እና በ«ኮዛ» (መውደቅ) ያሉት ድምፆች ከተራው «ስ» እና «ዝ» የሚለዩበት ልዩነት ይጠፋችኋል።

ተማሪዎች ተሰናክለው የሚቀሩበት ዋናው ስፍራ የመነሻ ድምፅ ለውጥ ነው። በኮርንኛ የቃሉ የመጀመሪያ ተነባቢ ከፊቱ እንደሚመጣው ቃል ይለዋወጣል። «ቤኒን» ሴት ናት፤ «ሴትዮዋ» ለማለት ግን «አን ቬኒን» ይባላል። «ግውሬግ» ሚስት፣ «አን ውሬግ» ሚስቲቱ። «ሜስተር» ጌታ፣ «ኢ ቬስተር» ጌታው (የእሱ ጌታ)። «ቺ» ቤት፣ «ኢ ጂ» የእሱ ቤት። አማርኛ አንባቢ በዚህ ሊደነግጥ አይገባውም፤ «ያልመጣው»ን በመዝገበ ቃላት በ«ያ» ሥር የሚፈልግ የለም፣ ተላጦ «መጣ» ላይ ይደረሳል። በኮርንኛም ሥራው ያው ነው፤ የሚላጠው አንድ ድምፅ ብቻ ነው።

የአላላጡ መንገድ ይህ ነው። ቃሉን መጀመሪያ እንዳለ ፈልጉት፤ «ዴን» (ሰው) ከመሠረቱ በ«ድ» ይጀምራልና ሁሉም «ድ» የተለወጠ አይደለም። ካልተገኘ ወደ ኋላ መልሱት። «ቭ» ከሆነ «ብ»ንም «ም»ንም ሞክሩ። «ግ»ን ወደ «ክ»፣ «ድ»ን ወደ «ት»፣ «ብ»ን ወደ «ፕ»፣ «ጅ»ን ወደ «ች»፣ ለስላሳውን «ዝ» ወደ «ድ» መልሱ። በ«ው» ከጀመረ «ግው» ሳይሆን አይቀርም። እነዚህ ሁሉ የማለስለስ ለውጦች ናቸው። «የእሷ»፣ «የእኔ» እና «ሦስት» ከሚሉት ቃላት በኋላ የሚመጣው ለውጥ ግን ሌላ ነው፤ «ፕ» ወደ «ፍ» ይሄዳል። ስለዚህ «ፔን» ራስ ከሆነ «ኢ ቤን» የእሱ ራስ፣ «ሂ ፌን» የእሷ ራስ ነው። የባለቤቱን ፆታ አንዳንዴ ከመነሻው ድምፅ ብቻ ታውቁታላችሁ።

ተረቱ ከሌሎች ንባቦች የሚበልጥበት ቦታ እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ምክር «አሮጌው መንገድ» ይላል፣ ሁለተኛው «ሽማግሌ ሰው»። ኮርንኛ ለሁለቱም አንድ ቅጽል አለው፤ «ኮስ»። መንገድ ግን አንስታይ ስለሆነ ቅጽሉን ያለሰልሰዋል፤ «አን ፎርዝ ጎስ»። ሰው ተባዕታይ ስለሆነ እንዳለ ይተወዋል፤ «ዴን ኮስ»። አንድ ቅጽል፣ ሁለት ስም፣ ሁለት ፆታ፣ በሁለት ተከታታይ ምክሮች ውስጥ ተቀምጠዋል። እነዚህን ሁለት ሐረጎች በቃሉ የያዘ ተማሪ የቅጽልን ሕግ ይዟል ማለት ይቻላል፤ ሌላ ቅጽል ሲገጥመው በእነዚህ ይመዝነዋል።

አሁን ወደ እትሙ እንምጣ፤ ገንዘብና ጊዜ የሚባክነው እዚህ ነውና። ከመነቃቃቱ ወዲህ ኮርንኛ በተለያዩ አጻጻፎች ተጽፏል። ሮበርት ሞርተን ናንስ በ1929 ያወጡት «የተዋሐደው» አለ፤ በ1980ዎቹ የመጣው «የጋራው» አለ፤ የኋለኛውን ዘመን ንግግር የሚከተሉም አሉ። በ2008 የጋራ መደበኛ አጻጻፍ ላይ ስምምነት ተደረሰ፤ እሱም ቢሆን አንዳንድ አማራጮችን ይፈቅዳል። በአንድ አጻጻፍ የታተመ ተረት፣ በሌላ አጻጻፍ ከተዘጋጀ የቃላት ዝርዝር ጋር ከተያዘ፣ አንዱ ቃል በሁለት ካርድ ላይ እንደ ሁለት ቃል ይመዘገባል። ከመግዛታችሁ ወይም ከማተማችሁ በፊት በ2008ቱ መደበኛ አጻጻፍ መሆኑን አረጋግጡ። መዝገበ ቃላቱ በዋናነት የሚሄደው በዚያ ነው።

የ1707ቱ ገጽ ለጀማሪ የማይሆንበት ሌላም ምክንያት አለው። ሉይድ የራሱን የድምፅ ፊደላት ተጠቅሟል፤ የመነሻ ድምፅ ለውጡም እዚያ ወጥ አይደለም። ለምሳሌ ሥራ እንደጠፋ ሲናገር «አን ህዌል ኣ ኮሳስ ስካንት» ይላል። የዛሬው ሕግ በ«ኣ» ምክንያት ግሡን ያለሰልስና በ«ግ» ያስጀምረዋል። ይህን ያላወቀ ጀማሪ «ኮሳስ»ን አይቶ «አሮጌ» ከሚለው «ኮስ» ጋር ያገናኘዋል፤ ግሡ ግን «ወደቀ» ነው። ለሊቃውንት ውድ የሆነው ይህ አለመመጣጠን ለቃላት ጀማሪ እንቅፋት ነው። መሠረቱን ካጸና በኋላ ወደ አሮጌው ገጽ ቢመለስ ግን ትልቅ ደስታ ያገኛል።

በኋለኛው ዘመን ቅርጽ የተዘጋጀ እትም እጃችሁ ከገባ አትጣሉት፤ አንድ ቁልፍ ይበቃዋል። በዚያ ቅርጽ የጠበቀ «ን» ወደ «ድን»፣ የጠበቀ «ም» ወደ «ብም» ይሰነጠቃል። «ፔድን» የሚለው «ፔን» ነው (ራስ)፣ «ሄድና» የሚለው «ሄና» (ያ)፣ «ኦብማ» የሚለው «ኦማ» (እዚህ)፣ «ኬብመር» የሚለው «ኬመር» (ውሰድ)። ሁለቱ ለውጦች በአንድ ቃል ላይ ሲደራረቡ ነው ተማሪው የሚጠፋው። ጆዋን ለሚስቱ ሥራ ፍለጋ እንደሚሄድ ሲነግራት «ሚ ኣ ቬድን» ይላል። «ቬድን»ን መዝገበ ቃላት ውስጥ አታገኙትም። መጀመሪያ መነሻውን መልሱ፣ «ሜድን» ይሆናል። ቀጥሎ «ድን»ን ወደ ጠበቀ «ን» መልሱ፣ «ሜን» ይሆናል። አሁን «ሚነስ» የሚለው ግሥ ሥር ናችሁ፤ መፈለግ፣ መፍቀድ። ሐረጉ በሙሉ «ልሄድ ነው» እንደምንለው ያለ ሥራ ይሠራል፤ በተረቱም በተደጋጋሚ ይመጣል።

ካርዱን እንዲህ አዘጋጁት። በፊቱ ላይ አማርኛውን በሐረግ ጻፉ፣ «አሮጌው መንገድ»፤ በእንግሊዝኛ አትጻፉት። እንግሊዝኛ በመካከል ሲገባ ያሳስታል። «አን» በእንግሊዝኛ «አንድ» ማለት ሲሆን በኮርንኛ ግን የተወሰነውን አመልካች ነው፣ «ቤቱ» ስንል መጨረሻ ላይ የምትገባዋን ድምፅ ሥራ ይሠራል። «ራግ» በኮርንኛ «ለ» ወይም «ስለ» ነው፣ በእንግሊዝኛ ጨርቅ። በጀርባው ላይ ሙሉውን ሐረግ «አን ፎርዝ ጎስ» ጻፉና ከሥሩ መነሻ ቅርጹን፣ ፆታውንና ብዙ ቁጥሩን ጨምሩ። ብዙ ቁጥሩን አትዝለሉት፤ «ዴን» ሲበዛ «ቲስ» ይሆናል፣ አመልካቹ ሲገባ ደግሞ «አን ዲስ»። ከነጠላው ተነስቶ ይህን ማንም አይገምተውም። «ቬኒን»ን እንደ መነሻ ቃል መመዝገብ በጀማሪዎች ካርድ ላይ በብዛት የሚታይ ስሕተት ነው፤ ከወር በኋላ «ቤኒን» ስትመጣ አዲስ ቃል ትመስላለች።

አማርኛ ተናጋሪን የሚያግዙ ሦስት ነገሮች አሉ፤ በካርዱ ላይ ብትጠቀሙባቸው ድካም ይቀንሳል። ከቁጥር በኋላ ስም ነጠላ ሆኖ ይቆያል፤ «ሦስት ብር» እንደምንለው «ትሪ ፌንዝ» (ሦስት ፓውንድ) ይባላል። መነሻው «ፔንዝ» ሲሆን «ሦስት» ነው የለወጠው። ያለኝን ነገር ለመናገርም ኮርንኛ ልዩ ግሥ አያስፈልገውም፤ «ቤት አለኝ» እንደምንለው «ኢማ ቺ ዚም» ይላል፣ ቤት ለእኔ አለ። ሦስተኛው የመስተዋድዱና የተውላጠ ስሙ መጣበቅ ነው። በደመወዙ ክርክር ውስጥ «ዞዞ» (ለእሱ)፣ «ዚም» (ለእኔ)፣ «ዚስ» (ለአንተ) በጥቂት መስመር ውስጥ ይከታተላሉ፤ አሳየው፣ ስጠኝ፣ አስተምርሃለሁ። ሦስቱን በአንድ ካርድ ላይ ሳይሆን በሦስት ካርድ፣ እያንዳንዱን ከነግሡ ያዙ።

ስለ መጠኑ፦ ተረቱን በስምንት ቀጠሮ ብትከፍሉት ይመቻል። ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው ምክር ያለው አራት ቀጠሮ ይውሰድ፣ የማደሪያ ቤቱ ታሪክ ሁለት፣ ወደ ቤት መመለሱ ሁለት። በቀጠሮ ከአሥር አዲስ ካርድ አትለፉ። በየቀጠሮው ክፍሉን መጀመሪያ ያለ መዝገበ ቃላት ከዳር እስከ ዳር አንብቡ። በሁለተኛው ንባብ መነሻቸው የተለወጠ የሚመስሉ ቃላትን አስምሩ፤ ከእያንዳንዱ ፊት ያለውን ቃል አይታችሁ የለወጠው ምን እንደሆነ፣ አመልካቹ፣ «የእሱ»፣ ቁጥሩ ወይስ ከግሥ በፊት የምትመጣው «ኣ»፣ በኅዳጉ ላይ ጻፉ። ከዚያ በኋላ ብቻ መዝገበ ቃላቱን ክፈቱ። ይህን ቅደም ተከተል የዘለለ ሰው ቃሉን ያገኛል፣ ለውጡን ግን አይማርም፤ በሚቀጥለው ገጽም እንደገና ይፈልገዋል።

የማደሪያ ቤቱ ክፍል ለታሪክ ግሩም ነው፣ ለቃላት ግን ደካማ። «ማናህ» (መነኩሴ)፣ «ላድሮን» (ወንበዴዎች)፣ «ክሬጊ» (መስቀል፣ ማንጠልጠል) የመሰሉት ለጀማሪ ውይይት ብዙም አይረዱም። እዚያ ካርዱን አሳጥራችሁ ለንባቡ ፍጥነት ስጡ። ከዚያው ክፍል የሚጠቅመው «ድሬ» ነው፤ ነጋዴዎቹ ከኤክሰተር ገበያ ወደ ቤት ሲመለሱ ይመጣል። መነሻው «ትሬ» ሲሆን በኮርንዋል የቦታና የቤተሰብ ስሞች መጀመሪያ ላይ በብዛት ያለው እሱ ነው። ነጋዴዎቹ ራሳቸው ከትሪን መንደር ናቸው። በካርታ ላይ «ትሬ» (መንደር፣ የእርሻ ቤት)፣ «ፔን» (ራስ፣ ጫፍ) እና «ፖል» (ኩሬ) የሚሉትን እየፈለጉ ማስመር ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፤ ሦስቱንም ዳግመኛ አትረሷቸውም።

መዝገበ ቃላቱን በተመለከተ ቅሬታችን ትንሽ ነው። ፆታና ብዙ ቁጥር ይሰጣል፣ ከሁለቱም ቋንቋ መነሳት ይቻላል፣ ክፍያ የለውም። ያገኛችሁትን ቅርጽ ሳይሆን መነሻውን ስጡት፤ ፍለጋው ያኔ ይሳካል። እንግሊዝኛ ለማያነብ ሰው ግን አያገለግልም። ስለዚህ ይህ ዘዴ እንግሊዝኛን ቢያንስ ለንባብ ለሚያውቅ ሰው ነው፤ በብሪታኒያ ለሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ግን ይህ አያስቸግርም።

ትልቁ ጉድለት ያለው በራሱ በተረቱ ይዘት ነው። ሰላምታ የለበትም፤ «ዲዝ ዳ» (ደህና ዋልክ) ወይም «ሜር ራስ» (አመሰግናለሁ) ከዚህ አትማሩም። የአየር ሁኔታ፣ ቀለም፣ የቤት ዕቃ፣ «እወዳለሁ» የሚለው ሁሉ የለም። ከስቫ አን ታቬስ ከርነወክ፣ ማለትም በ1967 የተመሠረተው የኮርንኛ ቦርድ፣ በአራት ደረጃ ፈተና ይሰጣል፤ ለመጀመሪያው ደረጃ የምትዘጋጁ ከሆነ ተረቱ ብቻውን አያሳልፋችሁም። ለዕለት ንግግሩ «ጎ ኮርኒሽ» የተባለውን ነፃ የኢንተርኔት ትምህርት ጎን ለጎን ያዙ፤ ጆሮን ለማልመድ የቢቢሲ ራዲዮ ኮርንዋልን የኮርንኛ ዜና አዳምጡ። ፊደል ብቻ የሚያጠና ተማሪ ለስላሳውንና ጠንካራውን የጥርስ ድምፅ ሳይለይ ይቀራል፤ ይህ ደግሞ በኋላ ለማረም ከቃላት ማነስ ይብሳል።

ስምንቱ ቀጠሮ ሲያልቅ ራሳችሁን በዚህ ፈትኑ። ገጹን ዝጉና ሦስቱን ምክሮች በኮርንኛ በወረቀት ጻፉ፤ ከዚያ ከእትሙ ጋር አመሳክሩ። የጎደለ ቃል ካለ ካርዱን ብቻ ድገሙ። ስሕተቱ መነሻ ድምፅ ላይ ከሆነ ግን፣ «ፎርዝ ኮስ» ወይም «ዴን ጎስ» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ካርድ አይረዳችሁም፤ ወደ ሁለተኛው ቀጠሮ ተመልሳችሁ የኅዳግ ማስታወሻውን እንደ አዲስ ሥሩ።